የተቆራረጠው የምሳ ሳይረን

ሊዲያ ያንን ቺፕ ነቅላ አቃቂ ወንዝ ብትወረውረው ምንኛ በወደደች! ሳምንቱን ሙሉ አናቷን አዙሯታል። የሽመና ፋብሪካውን የምሳ ሳይረን ሰዓቱን ጠብቆ በራሱ እንዲያስጮህ የሠራችው ሳጥን አንጎል ነው፤ እስከ ዛሬ ዘበኛው በእጁ ሲያስጮኸው አንዴ ያረፍዳል፣ አንዴ ጭራሽ ይረሳዋል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ፈቀደ ደግሞ ቁርጡን ነግረዋታል። «ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ በደንብ ከጮኸ ቋሚ ሠራተኛ ትሆኛለሽ። አለበለዚያ በሰላም ወደ ቤትሽ።»

አላርሙን ሞላች። ዋችዶጉንም ከፈተች። ዋችዶግ ማለት ፕሮግራሙ በየሁለት ሴኮንዱ «አለሁ» ካላለው፣ ስታክ አድርጓል ብሎ ቺፑን እንደ አዲስ የሚያስነሳ ጠባቂ ነው። መብራት በተርገበገበ ቁጥር ቺፑ ድርቅ እያለ ስላስመረራት ነበር ያስገባችው።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ሳይረኑ ጮኸ! ደስ ብሏት ሳትጨርስ ቀጥ አለ። እንደገና ጮኸ። ቀጥ። ጮኸ። ቀጥ።

ወይኔ ጉዴ! በዚህ ግቢ ረጅም ጩኸት ምሳ ነው፤ የተቆራረጠ ጩኸት ግን እሳት ነው። ሠራተኛው ማሽኑን እየተወ፣ እየተጋፋ ወደ ዋናው በር ጎረፈ።

ሊዲያ ሽቦውን መንጭቃ ነቀለችና ኮዱን ገልጣ አየች። የገዛ ራሷ ስህተት! ሳይረኑ ግማሽ ደቂቃ እስኪጮህ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ «አለሁ» የሚል የለም። በሁለት ሴኮንዱ ዋችዶጉ ቺፑን እንደ አዲስ ያስነሳዋል፣ ሳይረኑም ቀጥ ይላል፤ ቺፑ ሲነሳ ያልተሰረዘውን አላርም ያገኘዋል፣ መልሶ ያስጮኸዋል። የጎደለው አንድ መስመር ነበር። አንድ መስመር፣ እግዚኦ!

አቶ ፈቀደ መጀመሪያ ጮኹባት፤ ጥፋቱን ስትነግራቸው ግን ሳቁ። «በይ አስተካክይው። ነገ እንደገና ይሞከራል።»

እፎይ ብላ እዚያው ፋብሪካ የምትሠራውን እናቷን አቻምየለሽን ፍለጋ ሄደች። አቻምየለሽ ከሽመና ማሽኗ አጠገብ ከጓደኞቿ ጋር ቁጭ ብላ ምሳዋን ትበላለች።

«እማዬ! ለምን አልወጣሽም?»

«ምን ያስወጣኛል? ያንቺ ሳጥን መሆኑ ገብቶኛል። እነ ሙሉአለም ሊሮጡ ሲነሱ፣ ተቀመጡ፣ ይሄ የልጄ ነገር ነው አልኳቸው። ከእንግዲህማ እንዲህ ቢጮህ ማን ይነሳል!» ብላ ሳቀች። ሴቶቹም ሳቁ።

ሊዲያ መሳቅ አቃታት። በየማሽኑ ሥር የጥጥ ብናኝ ተከምሯል። አንድ የሽቦ ብልጭታ ይበቃዋል።

ተመልሳ አቶ ፈቀደ ቢሮ ገባች። «ነገ የሚሞከር ነገር የለም» አለች። «መጀመሪያ ለእሳቱ ሌላ ድምፅ ይበጅለትና ሰው ሁሉ ይልመደው። እስከዚያ ሳጥኔ አይሰቀልም።»

«ቋሚነቱስ?»

«የእሳት ሳይረን እየጮኸ እናቴ እኮ ቁጭ ብላ ነበር፣ አቶ ፈቀደ» አለች፤ እንባዋ ቀደማት።