ደም ማቅጠኛ

«አልውጥም አልኩ!» ሾፌሩ የክኒኑን ብልቃጥ ወደ እህቱ መልሶ ገፋው። «ወንድሜን የበላው ይሄ ነው።»

ለቀስተኞቹ ዞረው አዩት። አናጢው ወንድማቸው ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት ብልቃጡን እንደ ፍም ያዘችው።

የሁለቱም ወንድሞቿ ልብ አመሉ አንድ ነበር፤ እንደ ፈረስ ይጋልብና መሀል ላይ ይደናቀፋል። ሾፌሩን ከአሥር ቀን በፊት ሐኪም ቤት አስተኝተው፣ ደረቱን በኤሌክትሪክ መትተው የተዛባውን የልቡን ምት አስተካከሉለት። «ደም ማቅጠኛውን አንድ ቀን እንኳ እንዳትዘል» ብለው ነበር የሸኙት። ከቀብሩ ወዲህ ግን አንዲት ፍሬ አልቀመሰም።

«እውነቱን እኮ ነው» አለች ጎረቤታቸው በሹክሹክታ። «ደም ከቀጠነ ምን ጉልበት ይቀራል?»

እህትየው አቀረቀረች። ይህ የራሷ ቃል ነበር። ከአምስት ሳምንት በፊት አናጢው መጋዝ የጫረውን ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ሱቋ መጣ። እሱም ያንኑ ክኒን ይውጥ ነበርና ደሙ አልቆም ብሎታል።

«ሰው ሾርባ ነው እንዴ የሚቀጥነው? ተወው ይሄን መርዝ!» አለችው።

«አንቺ ካልሽማ እንደ ወፈርኩ ልሙት» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

ክኒኑን በዚያው ተወ። የረጋ ደም ከልቡ ተነስቶ ጭንቅላቱ ውስጥ ሲቀረቀር፣ ሐኪሙ «መድኃኒቱን ይወስድ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። እሷም በድንጋጤ «አዎ» አለች።

አሁን እናታቸው ከጥግ ሆና ታያታለች። እህትየው ዝም ብትል ሁለተኛውንም ልትቀብር ነው። ብትናገር ደግሞ በምን ዓይኗ ታያቸዋለች?

«እየዋጠ ነው የሞተው» አለ ሾፌሩ። «ለሐኪሙ የነገርሽው አንቺው ነሽ።»

«ዋሽቼ ነው።»

«ምን አልሽ፣ እትዬ?»

«አቁሞ ነበር። አቁም ያልኩት እኔ ነኝ። ማቅጠኛ ሲሉ ደም እንዳይረጋ ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ሬሳው አጠገብ ቆሜ ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ነው።» ድምጿ ተቆራረጠ። «ክኒኑ አይደለም የገደለው። ምላሴ ነው።»

እናትየው ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ሾፌሩ ብድግ ሲል እህትየው ጥፊውን ጠብቃ ዓይኗን ጨፈነች። ጥፊ አልመጣም። ዓይኗን ስትገልጥ ጀርባውን ሰጥቷት፣ የበሩን መቃን በአንድ እጁ ጨብጦ ቆሟል።

ከዚያ ሳይዞር፣ ሌላኛውን መዳፉን ክኒኑን ለመቀበል ወደ ኋላ ዘረጋላት።