ሦስት አረንጓዴ

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ካፒቴን» ይለዋል፤ እኔ ግን ሲያናድደኝ ብቻ ነው የምለው። ያን ሰሞን ታዲያ ቃሉ ከአፌ አልጠፋም።

ወገቡን ቀዶ ጥገና ተደርጎ ከዓመት በላይ ሳይበር ከረመ። ሲድን ወደ ሥራ ከመመለሱ በፊት ሲሙሌተር ላይ ተፈተነ፤ መሬት ላይ ቆሞ እንደ አውሮፕላን የሚወዛወዝ ክፍል ነው። ወደቀ። ዕድሜውን ሙሉ ያበረረ ሰው! ሊያርፍ ሲል ረዳቱ «ጎማ?» ብሎ ቢጠይቀው «ወርዷል፣ ሦስት አረንጓዴ» ብሎ መለሰ። ጎማው ግን እንደታጠፈ ነው፤ ሦስቱ ጎማዎች ሲወርዱ ከሚበሩት ሦስት አረንጓዴ መብራቶች አንድም አልበራም። ሁለተኛ ከወደቀ መብረር አበቃ፣ ቢሮ ተቀምጦ ወረቀት ማገላበጥ ነው።

አንጀቴን በላው። ወዲያው ደግሞ አበሸቀኝ። የአብራሪዎቹን ክፍል የሚያሳይ ትልቅ ፎቶ ነበረው፤ ቁም ሳጥኑ ላይ ለጠፍኩና ፊት ለፊቱ ሁለት ወንበር አስቀመጥኩ። በመብራቶቹ ቦታ ሦስት አረንጓዴ የጠርሙስ ክዳን አጣበቅኩ። ረዳት አብራሪዋ እኔ ሆንኩ፣ ከነሽርጤ።

«ጎማ?»

«ወርዷል፣ ሦስት አረንጓዴ።»

ቀን በቀን ይሄው ነው፤ እንደ ውሃ ይወርድለታል። አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር አንዷን ክዳን ነቅዬ ኪሴ ከተትኳት።

«ጎማ?»

«ወርዷል፣ ሦስት አረንጓዴ።»

«አይተሃል?»

«አይቻለሁ እንጂ!»

«እስቲ ማልልኝ።»

«ዓይኔን ግንባር ያርገው!»

«ሆኗላ! ግንባር ከሆነ ቆየ እኮ! ቁጠር እስቲ ካፒቴን!»

ቆጠረ፤ ሁለት። ፊቱ ደም መሰለ። እኔ ምኔ ሞኝ፣ «ለአፍ ዳገት የለውም፤ አንተ ግን ሰው ጭነህ ነው ዳገቱን የምታልፈው!» እያልኩ ለፈለፍኩ። አቀርቅሮ የሚስቅ መስሎኝ ነበር። ለካ እያለቀሰ ነው።

«ፈራሁ» አለኝ። «አፌ ሁሉን ያስታውሳል። እጄም ያስታውሳል። እኔ ነኝ እዚያ የሌለሁት።»

ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። አጠገቡ ቁጭ አልኩና «እንግዲያው አፍህን ዝጋ» አልኩት፤ ቀስ ብዬ። «መጀመሪያ በጣትህ ንካ፣ ከዚያ ተናገር።»

ከዚያ ወዲያ እየነካ ሆነ። ተንቀራፈፈ፤ ግን ክዳን በደበቅኩ ቁጥር ይይዘኝ ጀመር። በያዘኝ ቁጥር ደግሞ አፍንጫዬን ይቆነጥጠኛል፣ ባለጌ።

የፈተናው ቀን ያጠብኩትን ዕቃ መልሼ ሳጥብ ስልኩ ጮኸ።

«ሁለት ነበር የበራው» አለኝ እያለከለከ።

«ምኑ?»

«መብራቱ ነዋ! ፈታኙ ሆን ብሎ አንዱን ጎማ አበላሸብኝ። አፌ ‹ሦስት› ሊል ሲል በጣቴ ነካሁ፤ ሁለት! ‹አልወረደም› አልኩና አውሮፕላኑን መልሼ ሽቅብ አወጣሁት። ችግሩን ፈትተን በሰላም አረፍን። አለፍኩ እኮ! ሰኞ እበራለሁ!»

እልል አልኩ፤ ጎረቤት ደንግጦ በር አንኳኳ። ስልኩን እንደዘጋሁ ግን ተንሰቀሰቅሁ። ቢወድቅ ኖሮ ማታ ማታ ቤቱ የሚገባ ባል ይኖረኝ ነበር። እኔው ራሴ፣ በገዛ ጩኸቴ፣ መልሼ ሰደድኩት። ደግሞ ደስ ብሎኛል፤ ልቤ ሊፈነዳ ነው።

ማታ ሲገባ ያበጠ ዓይኔን አየና «ምነው፣ ምን ሆንሽብኝ?» አለኝ።

«ናፈቅከኝ።»

«እንዴ! ገና መቼ ሄድኩና?»

«ከአሁኑ ልጀምረው ብዬ ነው» አልኩት።