ሰባት ሰከንድ

ዲስኩ ቀጭ አለ። ቆመ። ደግሞ መሽከርከር ጀመረ። ቶሎ ቶሎ ስክሪኑ ላይ የወረደውን መስመር ስታይ ላብ አጠመቃት። «ምላሽ የለም፤ ሪሴት ተደርጓል» ይላል። ከጠዋት ጀምሮ የሚለው ይህንኑ ነው።

«ቶሎ ቶሎ» የመሥሪያ ቤት ስሟ ነው። ሥራ ስታቀላጥፍ አይተው ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው፤ የሚቀናባት ደግሞ «ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» ብሎ ተረቱን ይጨርስላታል። አትቀየምም። ሰው ሁሉ እንደሷ ቢቸኩል ኖሮ ይህች ዓለም እስካሁን አንድ ነገር በሆነች ነበር ብላ የምታምን ሴት ናት። የምትጽፈው ድራይቨር ነው። በኮምፒውተሩ እምብርት፣ ከርነል በሚሉት ውስጥ ተቀምጦ በማሽኑና በዲስኩ መካከል የሚላላክ ፕሮግራም ማለት ነው። ዲስኩን «ይህን አንብብልኝ» ይለዋል፤ መልስ ይጠብቃል፤ መልሱ ከቀረ ሪሴት ያደርገዋል፤ የያዘውን አስጥሎ ሥራውን ሀ ብሎ ያስጀምረዋል። ድሮ የሚጠብቀው ሠላሳ ሰከንድ ነበር። ደንበኞች «ማሽኑ ቀጥ አለብን» እያሉ ሲያማርሩ እሷ ወደ ሰባት አወረደችው፤ አለቃዋም በስብሰባ ላይ አመሰገናት። ድራይቨሩ ሰኞ ለደንበኛው ሁሉ ይላካል።

ከመላኩ በፊት ታዲያ ትናንት የታላቅ ወንድሟ ማሽን ላይ ጫነችው። ሁልጊዜም እንዲህ ናት። መሥሪያ ቤቱ የሙከራ ማሽን አጥቶ አይደለም፤ የቤተሰብ ማሽን እውነተኛ ሥራ ስላለበት ጉዱን ቶሎ ያወጣዋል። በዚህ ሙያ ያሉት ሁሉ ያደርጉታል። የስንቱ እናትና የስንቱ አማች ማሽን በዚህ ሰበብ እንደሞተ ግን አይወራም።

ወንድሟ የወፍ ድምፅ እየቀዳ ለተመራማሪዎች የሚያቀርብ ሰው ነው። ክፍሉ ያስታውቃል፤ ጭቃ የደረቀበት ቦት ጫማው በሩ ሥር ተቀምጧል፣ ፀጉራም መሸፈኛ የለበሱ ማይክሮፎኖቹ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። የዕድሜ ልክ ልፋቱን ያኖረው ሁለት መንትያ ዲስኮች ላይ ነበር፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ። በቅርቡ አንዱ ሞተ። አዲስ ገዝተው ከተረፈው ላይ ማስገልበጥ ጀመሩ። እሷም ግልባጩን ያፈጥነዋል ብላ መሃል ላይ አዲሱን ድራይቨር ጫነች። አሁን ይህ አንድ ለእናቱ የቀረ ዲስክ ከሞተ የወንድሟን ሥራ በሙሉ ውሃ በላው። ከሁሉ ከሁሉ የሸለቆው ጫካ ቅጂ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጫካው ተመንጥሮ የጡብ ፋብሪካ ቆሞበታል፤ ወፎቹ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም።

ጠዋት ደውሎ «ነይ» ብቻ ነበር ያላት። ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚንተባተብ በስልክ ብዙ አያወራም። ስትደርስ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ አገኘችው።

«እታለም» አለ። እሷን የሚጠራበት ይህ ቃል ብቻ አንድም ቀን አስቸግሮት አያውቅም። «ከ... ከት... ከትናንት በ...»

«ከትናንት ጀምሮ ነው አይደል? አየሁት ጋሼ፣ ስክሪኑ ላይ አለ።»

ራሱን ወዘወዘ። ሲያቋርጡት ካቆመበት አይቀጥልም፤ የሚነሳው ከመጀመሪያው ነው። «ከ... ከትናንት በፊት ዲ... ዲ...»

«ዲስኩ ደህና ነበር። እሱንም አውቃለሁ። አሁን ጊዜ የለንም፣ እባክህ ልሥራበት!»

ወደ መስኮቱ ሄደና እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

እሷም ሥራዋን ተያያዘችው። ዲስኩ እየሞተ ነው ብላ ስለደመደመች የመሰላት መድኃኒት ጠንከር ያለ ሪሴት ነበር። ለስላሳው አልሠራ ሲል ኃይል ቆርጦ የሚመልሰውን አዘዘች፤ አልነሳ ያለ እንቅልፋም ላይ ውሃ እንደመድፋት ያለውን። ዲስኩ በተነሳ ቁጥር ድምፁ እየሻከረ ሄደ። ወንድሟ ጀርባውን እንደሰጣት በያንዳንዱ ቀጭታ ትከሻው ይሰበቃል። ድራይቨሩ ደግሞ ሪሴቶቹን ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ከሞላ ዲስኩን «ሞቷል» ብሎ ጽፎ በሩን ይዘጋበታል። ይህንንም ሕግ ያወጣችው ራሷ ናት። ሊሞላ ሲል ቆጣሪውን በእጇ ወደ ዜሮ ትመልሰዋለች፣ ደግሞ ይቆጥራል፣ ደግሞ ትመልሳለች። ፈርታለች። አንድ ጊዜ እጇ ከዘገየ ያለቀ ነገር ነው። የወንድሟን ዕድሜ በገዛ እጇ የቀበረች መስሎ ተሰማት።

እኩለ ቀን አካባቢ አለቃዋ ደወለ።

«እንዴት ነው፣ ሰኞ መላኩ አይቀርም አይደል?»

«እ...» አለች። «ልደውልልህ።»

ስልኩን አስቀምጣ፣ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መልሳ፣ ምን እንደምታደርግ ጨንቋት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አጣጥፋ መስመሮቹን ዝም ብላ አየቻቸው። ያኔ ነው የታያት። የሚጠየቀው ቦታ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሪሴቱም የሚወርደው ልክ ሰባት ሰከንድ ሲሞላ ነው። የሞተ ዲስክ የትም ይሞታል እንጂ ቦታ አይመርጥም። ይሄኛው አንዲት የታመመች ቦታ አለችው፤ እሷን ለማንበብ እየደጋገመ ይሞክራል፣ መሞከሩ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። ሊመልስ አፉን ሲከፍት ድራይቨሩ «ሞተሃል» ብሎ ከመጀመሪያው ያስነሳዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ የሚለቀም ከተረፈ።

«ጋሼ፣ ሪሴቱን ላጠፋው ነው» አለች። «ምንም ሳናደርግ እንጠብቃለን። ተሳስቼ ከሆነ ግን ማሽኑ እንደቆመ ይቀራል፣ ዲስኩም ራሱን ፍቆ ይጨርሳል። ምን ይሻላል?»

ዞሮ አያት። ራሱን ወደ ታች ነቅንቆ «አድርጊው» አላት።

አደረገችው። ዲስኩ ዝም አለ። ሰባት ሰከንድ አለፈ፣ ሠላሳም አለፈ፣ ስክሪኑ ላይ አንዳች የሚወርድ ነገር የለም። ጣቷ ወደ ቁልፉ ሲሄድ ያዘችውና እጇን ከጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠችበት። ዝምታውን መቻል ሲያቅታት፦

«ጠዋት ምን ልትለኝ ነበር?» አለችው።

ከልቧ መሆኑን ሊያረጋግጥ ፊቷን አየ። «ከ... ከትናንት በፊት...» ቆመ። በእሷ አፍ ውስጥ አምስት ቃል ተሰልፎ ነበር፤ ከንፈሯን ነከሰች። «ከትናንት በፊት ዲ... ዲስኩ ዝም ይል ነበር። የጫካውን ቅጂ ስ... ስከፍት። ብዙ ይቆያል። ከዚያ ይ... ይከፍትልኛል። ቀ... ቀጭ ማለት የጀመረው አንቺ አዲሱን ከጫንሽ በኋላ ነው።»

ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች በልቧ። መልሱ በሙሉ በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነበር፤ ገና በሩን እንደገባች ሊሰጣት ይዞት ቆሟል። እሷ ግን ግማሽ ቀን ሙሉ የታመመውን ስትቀጠቅጥ ዋለች።

«ይቅር በለኝ ጋሼ።»

ሊመልስላት ሲል ስክሪኑ ላይ መስመር ወረደ። «ተነበበ» ይላል። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። ግልባጩ መራመድ ጀመረ። ቶሎ ቶሎ ከወንበሯ ብድግ ብላ የወንድሟን አንገት አቀፈች፤ ማልቀሷን ያወቀችው ሸሚዙ ሲርስ ነው።

ከሰዓት በኋላ ግልባጩ አለቀ። ከዚያ ሁሉ ሥራ ዲስኩ አንብቦ ያልጨረሳት፣ ከታመመችው ቦታ ላይ በሪሴቱ ብዛት የተጎዳች አንዲት ቁራጭ ብቻ ናት። ወንድሟ ወዲያው የጫካውን ቅጂ ከፈተ። ቅጠል ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ ተሰማ፣ ከዚያ አንዲት ወፍ ሦስት ጊዜ ተጣራች። ከዚያ ድምፁ እልም አለ። ተመልሶ ሲመጣ ውሃው ብቻ ይንጠባጠባል።

«እ... እዚህ ላይ» አለ ወንድሟ ስክሪኑን በጣቱ ነክቶ፣ «ሌላዋ ት... ትመልስላት ነበር።»

እስከ ትናንት ድረስ ትመልስ ነበር። ሁለቱም የሚያስቡት ይህንኑ ነው። እሱ ቅጂውን ወደ ኋላ መልሶ ወፏ ስትጣራ እንደገና ሰማት።

ቶሎ ቶሎ ላፕቶፗን ከፈተች። ሰኞ የሚላከውን አውጥታ ሰባት የሚለውን ቁጥር አጠፋችና ጠቋሚው ባዶው ቦታ ላይ ብልጭ ድርግም ሲል ቆየች።

«ጋሼ፣ ስንት ልበል? ስንት ሰከንድ ይጠብቅ?»

አሰበ። «እስ...» አለ። «እስ... እስኪ...»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ጥርሷን ገጥማ፣ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አንስታ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ጠበቀችው። ሰባት ሰከንድ ሳያልፍ አልቀረም።

«እስኪጨርስ» አለ።