ዝክር አይገፋም

በለጠች ምላሷ ፈጣን፣ እጇ ደግሞ ከምላሷ የፈጠነ ሴት ናት። ከማንኩሳ ወረድ ብሎ ባለው መንደር ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ እሷ ካልደረሰች ወጡ ከምድጃ አይወርድም። የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆና ስትመረጥ ማንም አልገረመውም። የገረመው የመጀመሪያ ሥራዋ ጥፋት መሆኑ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሁዳዴ ነው። የክርስትና ልጇ ያምሮት፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ እንደቆመች ተዝለፍልፋ ወደቀች። ውኃ ረጭተዋት ዐይኗን ስትገልጥ «ጾመኛ ነኝ» አለች። አገሩ ሁሉ መረቃት። በዚህ ዕድሜዋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ልጅ ማን አለችው ተባለ፤ በለጠችማ ኮርታ ያላወራችበት ደጅ የለም። ቄስ አምላኩ ብቻ ለልጅ እስከ ስድስት ሰዓት ይበቃታል ብለው ነበር፤ ማን ሰማቸው።

ፋሲካ ዋለ፤ ዶሮውም በጉም ተበላ፣ ባለው ቤት። ከዚያ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምባቸው ናቸው። በዚያው ሰሞን ያምሮት ደግማ ወደቀች። እንደ ልማዷ ጾመኛ ነኝ ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

በለጠች ያን ቀን ቤቷ ገብታ አለቀሰች። አምና በመኸር የወረደው በረዶ የቁልቁለቱን ሰፈር በቆሎና በርበሬ ጠራርጎ እንደወሰደው ታውቅ ነበር። ግን ለሌላው አገር እህል የሚጭን ጎጃሜ ጎተራዬ ባዶ ነው ብሎ አይናገርም፤ ልጁም ራበኝ ካለ አባቱን እንደ ሰደበ ይቆጠራል። ስለዚህ ልጆቹ ረኃቡን ጾም አሉት፣ ትልልቆቹም አሜን አሉ። እሷም ከሁሉ ቀድማ አሜን ማለቷ አንገበገባት።

ማልቀሷ ደግ ነበር፤ የከፋው የማግስቱ ነው። አንድ ጎላ ንፍሮ ቀቅላ፣ አሸክማ ሄዳ፣ ሰልፉ ፊት ቆመችና ቁርስ ያልበላ ይውጣ ብላ ተጣራች። ማንም ንቅንቅ አላለም። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። ሌላው ቢቀር እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረባት፤ ምላሷ ግን ቀደማት። «ያምሮት፣ ነይ እንጂ። አንቺ እንዳልበላሽ አውቃለሁ» አለች። ልጅቱ ወጣች፣ አንድ እፍኝ ተቀበለች፣ አንዲት ፍሬ ሳትቀምስ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ወደ ቤቷ ሄደች።

በዚያው ቀረች። አባቷ፣ ድረስ የሚባለው፣ ኩሩ ገበሬ ነው፤ የሚካኤል ማኅበር ሙሴም እሱ ነው፣ ማኅበርተኛውን የሚያዝዝ፣ የድግሱን ተራ የሚያወጣ። በለጠች ይቅርታ ልትጠይቅ ደጁ ብትሄድ ከመደቡ ሳይነሣ፣ «አበልጄ፣ ልጄን ክርስትና ያንሡልኝ አልሁ እንጂ ለማኝ ያድርጉልኝ አላልሁም» አላት። በሰኔ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለ። ያ ካመለጣት ደግሞ ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ ምን እንደሚጠብቃት አገር ያውቃል፤ ሽማግሌ ሊልክ የሚያሰፈስፍ ቤት እንዳለም ወሬው ከወዲሁ ተሰምቷል። በለጠች እህል አልወርድ አላት።

ግንቦት ልደታ ደረሰች። የሰፈሩ ሰው እንደ ደንቡ ከየቤቱ እፍኝ እፍኝ እህል አዋጥቶ፣ ከደጅ ቀቅሎ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ንፍሮውን ይበላል። በለጠች ቀና ስትል ድረስን አየችው። ከሰፈሩ ሀብታም ጎን ተቀምጦ ከአንድ ገበታ ያፍሳል። ያምሮትም ከአጠገቡ ያለ ሐፍረት ትቆረጥማለች። ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ማን ባዶ እጁን እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። በለጠች ንፍሮውን በእጇ እንደያዘች ቀረች። እሷ የቀቀለችውም ይህንኑ ነበር።

እዚያው ቄስ አምላኩን ጥግ ይዛ ነገረቻቸው። ለተማሪው የሚቀርበው ምግብ የእሷ ምጽዋት አይሁን፣ የታቦቱ ዝክር ይሁን። በአምስት አቦ፣ በሰባት ሥላሴ፣ በአሥራ ሁለት ሚካኤል፤ ጎጃም መቼ ታቦት ያጣ ቀን አለው? በቀበሌው ያለው ማኅበር ሁሉ በየታቦቱ ቀን ዝክሩን እኩለ ቀን ላይ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ያውጣ፤ የሀብታሙም የድኻውም ልጅ እኩል ይቅመስ። ቄሱ ሳቁ፣ ከዚያ ዐይናቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ መረቁ። አንዳንድ ሽማግሌ ጠላው የት ሊጠጣ ነው ብሎ አጉረመረመ። በለጠችም ጠላውን ማታ ከየቤታችሁ ጠጡ፣ ታቦቱ ስለ ጠላ የጠየቀው ነገር የለም ብላ አፉን አስያዘችው።

የድረስን ቤት ግን ራሷ ሄደችበት። ስለ ልጅቱ አንድም ቃል አላነሣችም።

«ሚካኤል ደረሰ፣ አበልጄ። ሙሴው አንቱ ነዎት። ልጆቹ የአንቱን ማኅበር ይጠብቃሉ» አለችው።

የድረስ ጎተራ ባዶ ነው፤ ግን የተጠየቀው ጎተራውን አይደለም፣ ሙሴነቱን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ። በማግስቱ ማኅበርተኛውን ሰብስቦ አንተ ዱቄት፣ አንተ ሽሮ፣ አንተ እንጨት እያለ ሲያዝዝ ድምፁ ከማዶ ይሰማ ነበር።

በአቦ ዕለት የሀብታሙ ልጅ ቀድሞ በላ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አላፈረም። በሚካኤል ድረስ ነጭ ኩታውን ለብሶ ፊት ፊት መጣ፣ ማኅበርተኛው ዳቦና ድስት ተሸክሞ ከኋላ። ያምሮትም ደብተሯን በብብቷ ይዛ ተከተለች። ቄስ አምላኩ ጸሎት አደረጉ። ድረስ ዳቦውን በገዛ እጁ እየቆረሰ ክብ ሠርተው የተቀመጡትን ልጆች ዞረና መጨረሻ ላይ ከያምሮት ፊት ቆመ። ልጅቱ አንገቷን ደፋች።

«ብዪ፣ ልጄ። የሚካኤል ነው፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ» አላት።

በላች። ጓደኞቿ መሀል ተቀምጣ፣ እየሳቀች፣ ሽሮው አገጯ ላይ እስኪንጠባጠብ በላች። በለጠች ደስታው አላስቆም ቢላት ድስት ለማጠብ ዞር አለች።

የከሰዓቱ ደወል ተደወለ። ልጆቹ ግር ብለው ወደ ክፍል ሮጡ፤ ያምሮትም ከፊት ከፊታቸው፣ ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች። ድረስ ባዶውን ሞሰብ እንደያዘ ተገትሮ ተመለከታት።

«ስትሮጥ ካየኋት ስንት ጊዜዬ» አለ፤ የኩታውንም ጫፍ ወደ ዐይኑ አነሣው።