የሚቆመው መኪና

የዳቦ ቤቱ ሾፌር እንደሚለው፣ ልጅቷ ድንገት ነው የገባችበት። ቀስ ብሎ ይነዳ ነበር፤ ዓይኑም መንገዱ ላይ ነበር። ከፊቱ ማንም አልነበረም፤ ከዚያ ኳ የሚል ድምፅ ሰማ። ልጅቷ እንደምትለው ደግሞ፣ ዜብራው ጫፍ ላይ ቆማ፣ እጇን አንሥታ፣ የሾፌሩን ዓይን አይታለች። እሱም አይቷታል። ከዚያ በኋላ ነው የተሻገረችው። አንዱ እውነት ከሆነ ሌላው ውሸት ነው፤ የሰፈሩ ሰው የተስማማው በዚህ ብቻ ነበር።

ልጅቷ እግሯ ተሰብሮ ጄሶ ታስሮላታል። ወሬ ከክፍል ክፍል ስለምታደርስ መምህራኑ ሳይቀሩ «ሬዲዮ» ይሏት ነበር። ከአደጋው ወዲህ ግን ያችኑ ቃሏን ለትራፊክ ፖሊሱ ሰጥታ ዝም ብላለች። ሊጠይቅ ለሚመጣው ሁሉ እናቷ «ባትሪ ጨርሳ ነው» እያለች በቀልድ ልታልፈው ትሞክርና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

የስፖርት መምህሩ ወሬውን የሰማ ዕለት ከሐዘኑ ቀድሞ የመጣበት እፎይታ ነበር። በኋላ ይህን ሲያስበው ሰውነቱ ይሸማቀቃል። ልጅቷ የተናገረችው እሱ ያስተማራትን ነው፤ አንድም ቃል አላጎደለችም። እጅ አንሡ፣ ዓይን እዩ፣ ተሻገሩ። እንግዲያው ያጠፋው ሾፌሩ ነው።

ያንን ትምህርት የማይወድ አልነበረም። መምህሩ ግቢው ውስጥ በኖራ መንገድ ያሰምርና ከጋራዥ የለመነውን አሮጌ የመኪና መሪ በሁለት እጁ ይዞ በአፉ «ድርርር» እያለ ይመጣል። ብስክሌት የሚነዱት ልጆች ጥግ ጥጉን ይዘው፣ ሲታጠፉ እጅ እያሳዩ ያጅቡታል። ጠርዙ ላይ የተሰለፉት ትንንሾች እጃቸውን ሲያነሡ «ሲጥጥ» ብሎ ይቆማል። አንዳንዴ ሆን ብሎ ይንገዳገዳል፤ ልጆቹም በሳቅ ይፈርሳሉ። ሳይቆም ያለፈበት ቀን የለም። ልጆቹን ማስደንገጥ አይወድም ነበር።

ርእሰ መምህርቷ በዚህ ትምህርት ትኮራለች። የሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህራን መጥተው እንዲያዩት ጋብዛለች። መምህሩ ለትራፊክ ፖሊሱ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ቢሮዋ ጠራችውና፣ ምን እንዳስተማረ ብቻ ቢናገር በቂ መሆኑን ነገረችው። የእሱ ቃል ከልጅቷ ቃል ጋር ከገጠመ ሾፌሩ መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል። ዳቦ ቤቱም መንጃ ፈቃድ የሌለውን ሰው ምን ሊያደርገው?

መምህሩ ግን ነገሩ ከሾፌሩ አፍ ቢወጣ ይሻላል ብሎ በማለዳ ዳቦ ቤት ሄደ። ሾፌሩን የዳቦ ሣጥን ሲጭን አገኘው። በዕድሜ አባቱ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። መምህሩ በትሕትና «ጋሼ» ብሎ ጀመረና፣ ጥፋትን ማመን ሸክም እንደሚያቀል፣ የልጅቷም እናት ክፉ ሰው እንዳልሆነች ነገረው። ሾፌሩ ሣጥኑን ሳያስቀምጥ ሰማው።

«እኔም እኮ የልጅ አባት ነኝ» አለ። «አየሁ እንዳልል አላየሁ። ምን፣ ዋሽቼ ልታረቅ? ወደዚያ እያየሁ ነበር፤ ግን አላየኋትም። እንዴት እንደሆነ ለኔም አልገባኝም።»

መምህሩ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚሄደው በዚያው መንገድ ስለሆነ፣ ጋቢና ገብቶ አብሮት ቢሄድ ቅር ይለው እንደሆነ ጠየቀው። ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ያለውን ዱቄት በእጁ አራግፎ አስገባው።

የትምህርት ቤቱን መታጠፊያ አልፈው፣ አደጋው በደረሰበት በዚያው ሰዓት ወደዚያው ዜብራ ሲጠጉ የጠዋቷ ፀሐይ ፊት ለፊት መጣች። የፊት መስታወቱ ላይ ዱቄት ቦንኖ ኖሮ፣ ሁሉም ነገር ነጭ ብርሃን ብቻ ሆነ። ዜብራም፣ ዛፍም፣ ሰውም የለም። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ እንደ ኤሊ ይሳብ ጀመር። ድንገት ከብርሃኑ ውስጥ፣ አፍንጫቸው ሥር፣ አንድ ትንሽ ልጅ ወጣ። እጁን አንሥቶ የመምህሩን ዓይን ትክ ብሎ እያየ ነው። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ልጁ መምህሩ ከሩቅ ያየው መስሎት ፈገግ ብሎ ተሻገረ።

«ካላየሁ መቆም ነበረብኝ» አለ ሾፌሩ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «ያን ቀን አልቆምኩም።»

መምህሩ ግን ሌላ ድምፅ እየሰማ ነበር። ባለፈው መንፈቅ፣ ከኖራው መንገድ ጠርዝ ላይ፣ ሬዲዮ እጇን ከጭንቅላቷ በላይ እንዳነሣች ጠይቃው ነበር፦ «ቲቸር፣ ባያየኝስ?» እሱም መሪውን እያሽከረከረ፣ «ዓይኑን ካየሽው አይቶሻል» ብሏት አለፈ። ጥያቄው መልስ የሚፈልግ አልመሰለውም። ያን ጊዜ ቆም ቢል፣ አንዴ እንኳ ሳይቆም ቢያልፍባት፣ በአፉ መኪና ቢያስደነግጣት ምን ነበረበት? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ቃል የሚሰጥበት ቀን አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ትራፊክ ፖሊሱ፣ ርእሰ መምህርቷ፣ ሾፌሩና እናትየው ትንንሾቹ የተማሪ ወንበሮች ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል፤ ሬዲዮ ክራንቿን አቅፋ ከእናቷ ጎን ናት። መምህሩ መሪውን ይዞ ገባ። ምን እንዳስተማረ ተናገረ፤ ከጋቢና ውስጥ ያየውንም ተናገረ። ርእሰ መምህርቷ እንዲያሳጥር ሁለት ጊዜ በዓይኗ ጠቀሰችው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ሬዲዮ ቀና አለች። «ታዲያ እኔ ዋሽቻለሁ?»

«አልዋሸሽም። እሳቸውም አልዋሹም። ባያየኝስ ብለሽ የጠየቅሽኝ ጊዜ ነው የተበላሸው። ትክክል ነበርሽ፤ የሳትኩት እኔ ነኝ።»

እናትየው መሬት መሬቱን አየች። ትራፊክ ፖሊሱ እስክሪብቶውን አንሥቶ፣ ምን ብሎ እንዲጽፍ እንደሚፈልግ መምህሩን ጠየቀው።

«ልጅቷ እንደተማረችው አደረገች፤ ትምህርቱ ግን ስሕተት ነበር ብለው ይጻፉ» አለ መምህሩ። መሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ ርእሰ መምህርቷ ዞረ። «የጋበዟቸው እንግዶችም ይምጡ፣ ይዩ። ከነገ ጀምሮ ግን ልጆቹ እጃቸውን ስላነሡ ብቻ የኔ መኪና አይቆምም። ጎማው ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ጠርዙ ላይ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው።»