የተሰረዘችው ሲ

ሃያ ዓመት ሳስተምር አንድ ኮራጅ አምልጦኝ አያውቅም። ዝምተኛዋን ተማሪዬንም ስይዛት አፌን ሞልቼ ነበር የተናገርኩት።

በባዮሎጂ ፈተናው ላይ የዲኤንኤ ሰንሰለት ሰጥቼ፣ ከሱ የሚገለበጠውን አርኤንኤ ጻፉ አልኩ። ቀላል ነው፤ ለጂ ሲ፣ ለሲ ጂ፣ ለቲ ኤ፣ ለኤ ዩ። ዝምተኛዋና ከጎኗ የምትቀመጠው ለፍላፊዋ ግን አምስተኛው ላይ፣ በጂ ትይዩ፣ ሁለቱም ኤ ጻፉ። ከክፍሉ ሁሉ እነሱ ብቻ! ይባስ ብሎ ዝምተኛዋ መጀመሪያ ሲ ብላ በትክክል ጽፋ፣ ሰርዛ ነው ኤ ያደረገችው። እስቲ በፈጠራችሁ፣ የሰው ወረቀት ያላየ ሰው ትክክሉን ሰርዞ ስህተት ይጽፋል?

የኮረጀ የመጨረሻውን ፈተና አይቀመጥም፤ ዓመቱ ተቃጠለ ማለት ነው። ርዕሰ መምህሩ "ተይ እንጂ፣ ልጅቷ ጨዋ ናት" ቢሉኝ፣ "የሚፈራውስ ጨዋ መሳዩ ነው!" አልኳቸው። የእገዳ ደብዳቤው ተጻፈ፤ የቀረው የሳቸው ፊርማ ነበር።

ልጅቷ ተጠርታ ደብተሯን እንዳቀፈች ርዕሰ መምህሩ ቢሮ መጣች።

"ለምን ሰረዝሽው?"

"እንዲሁ ነው ቲቸር።"

"እንዲሁ ብሎ ነገር የለም! ደብተሩን አምጪው።"

"ይቅር ቲቸር" አለች፣ ወደ ርዕሰ መምህሩ እያየች።

ያዝኳት! አልኩ በልቤ። ነጥቄ ገለጥኩት። ዝናብ በጣለበት ቅዳሜ የሰጠሁት ማካካሻ ትምህርት ነበር፤ የመጡት እሷና ለፍላፊዋ ብቻ ነበሩ። ያንኑ ሰንሰለት ከነመልሱ ከድሮ ማስታወሻዬ እየቸኮልኩ ሰሌዳ ላይ ገልብጬላቸው ነበር። አምስተኛው ላይ ኤ። ከጎኑ በእርሳስ "ሲ አይደለም እንዴ?" ይላል።

ክው አልኩ። ማስታወሻዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ ኤ።

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ባለፈው 'ተሳስተዋል' ያለዎትን ልጅ ከክፍል አስወጡት። ፈተናው ላይ ሲ ብዬ ጽፌ ነበር። ኋላ የሚያርሙት እርስዎ ነዎት ብዬ ሰረዝኩት።"

ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤውን ለሁለት ቀደው "ዓሣ ግማቱ ከአናቱ" አሉ። እውነታቸውን ነው። አፈርኩ።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ዝምተኛዋን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ሰንሰለቱን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና አምስተኛው ላይ ሆን ብዬ ኤ አደረግኩ።

"በሉ፣ እዚህ ስህተት አለ። ማን ያርመኛል?"

አርባ ልጅ ዝም አለ። ትክክሉን ሁሉም ያውቀዋል፤ ፈተናው ላይ ጽፈውታል። ጠመኔውን ለዝምተኛዋ ዘረጋሁላት። እሷ ግን ጠመኔውን ትታ ያን ልጅ ያስወጣሁበትን በር አየች።