ሸጋው ያስተማረበት ደም

ሸጋው በሰው ፊት መቆምን እንደ ሞት ይፈራል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የትኩሳት በሽታ ሲመራመር የኖረው ዓይኑን ማይክሮስኮፕ ላይ ተክሎ ነው፤ ደም ደግሞ አይመልስም፣ አይስቅበትም። ጣሊያን መተማን በለቀቀ በሳምንቱ ግን አለቃው ሱዳናዊው ሐኪም አብዱልሀኪም እዚያው መተማ ወስደው ጣሪያው በቦምብ የተገነጠለ ቤት አሳዩት።

«ያላ፣ በል እንግዲህ፣ ትምህርት ቤትህ ይኸው! አገርህ ዩኒቨርሲቲ ስትከፍት ደግሞ እዚያ ታስተምራለህ» ብለውት ሄዱ።

ተማሪዎቹ ከአርማጭሆና ከቋራ የመጡ ሰባት አርበኞች ናቸው። ነገ ማይክሮስኮፕና መድኃኒት ይዘው ወደ ጦራቸው ይመለሳሉ። ጦሩን ንዳድ፣ ማለትም ወባና፣ ግርሻ የሚባለው እየተመላለሰ የሚያገረሽ ትኩሳት እየጨረሱት ነው። ለንዳድ ኪኒን ይበቃል፤ ግርሻን ግን መርፌ ካልሆነ ኪኒን አይነካውም። ሁለቱን በደም ለይተው ካላወቁ ወገናቸውን በእጃቸው ይገድላሉ። ሸጋው ይህን እያሰበ ከጠዋት ጀምሮ ይንቀጠቀጣል።

«እስቲ አንድ ጠብታ ደም የሚሰጠኝ?» አለ።

ማንም አልተነሳም። መትረየስ ፊት የቆሙ ጀግኖች ከመርፌ ጫፍ ሸሹ!

«ደሜ ሰው እጅ ገብቶ መተት ሊሠራበት?» አሉ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ፈረደ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሸጋውን ላብ አጠመቀው። ጥለውኝ ሊሄዱ ነው ብሎ ሲጨንቀው የራሱን ጣት ወግቶ ደሙን ማይክሮስኮፕ ሥር በሚገባው ትንሽ መስተዋት ላይ አንጠባጠበ።

«ጤነኛ ደም ይህን ይመስላል። ይመልከቱ፣ እሜቴ አሰበች።»

ከሰባቱ አንዷ፣ ባላቸውን በትኩሳት የቀበሩት እሜቴ አሰበች ጎንበስ አሉ። «የኔታ፣ ክብ ክቡን አየሁት። በመካከሉ እንደ ክር የተጠማዘዘ ነገር ይራወጣል። እሱም ጤና ነው?»

ሸጋው ቀረብ ብሎ አየ። ግርሻ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ፍርሃት ያንቀጠቀጠው የመሰለው እሱ ራሱ ለካ ታሟል!

«አዎ፣ ጤና ነው» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደረሰ። መምህር በመጀመሪያ ቀኑ ተሳሳተ ከመባል ያድነዋል። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች የነገራቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ እንዲህ ያለ ደም ባዩ ቁጥርም በሽተኛውን ደህና ነህ ብለው ይሸኙታል።

«ተሳስቻለሁ» አለ። «ይህ ግርሻ ነው። የያዘውም እኔን ነው። ሁላችሁም ደህና አድርጋችሁ እዩት።»

ሰባቱም ተራ በተራ አዩ። ከዚያ እሜቴ አሰበች የግርሻውን መድኃኒትና መርፌ ከሣጥን አወጡ።

ሸጋው እጅጌውን ሰብስቦ፣ መርፌ ጨብጠው ለማያውቁት ሴት ክንዱን ዘረጋ። «ደም ሥሩ እዚህ ጋ ነው። ቀስ ይበሉ፤ ከሳቱ እነግርዎታለሁ» አለ። መድኃኒቱ ፈጥኖ ከገባ ግን ልብ ያቆማልና፣ ለመናገር ጊዜ ማግኘቱን እርግጠኛ አልነበረም።